ዘንገና አፋፍ ላይ

የልጅ ልጄ ዘንገና ሐይቅ ሊሄድ ቦርሳውን ሲሸክፍ የበሶው ሽታ አወደኝ።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ የቡሬ ተማሪዎች ሳለን፣ ስልቻ በጀርባችን አዝለን መጀመሪያ ጥርባ ሐይቅን አየን፤ ከዚያ ወደ ዘንገና ወጣን። ሐይቅ እያለ ውሃ ማን ይሸከማል ብለን ቅላችንን ባዶውን ይዘናል። አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ቁልቁል አየን። ውሃው ከእግራችን ሥር፣ በገደል ተከብቦ፣ ጠቁሮ ተኝቷል። አንዱ የወረወረው ድንጋይ ሲያርፍ አልተሰማም።

«መሪጌታ፣ በየት ነው የሚወረደው?» አልናቸው መንገድ የሚመሩንን አዛውንት።

እሳቸው በሰው ፊት አውልቀውት የማያውቁትን ጥምጥም አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

«ይሄ ለዓይን የተሰጠ ነው፣ ልጆቼ። ለአፍ የተሰጠውንማ ታች ምንጩ ጋ አልፋችሁት መጣችሁ።»

ደረቅ በሶ እየቃምን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥን። ጠማኝ ያለ አልነበረም።

«አያቴ፣ እዚያ ውሃ አለ?» አለኝ የልጅ ልጄ ቦርሳውን እየዘጋ።

«አለ» አልኩት። ያን ቀን በሶ እንደቃምኩ ሁሉ አፌ ደርቆ ነበር።