ሁለት ማሽን ለአንድ ሰው

ይህን ሰው በቅጡ አውቀዋለሁ ማለት አልችልም፤ ትውውቃችን ከሰላምታ አያልፍም። የቀረውን የቃረምኩት ከእህቱ ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ ከራሱ፣ ሳያስበው ካመለጠው።

ሰፈሩ «ዶክተር ክሩ» ይለዋል። አንጀቷን አስራ ያስተማረችው ታላቅ እህቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ፈታይ ናት። እሱም ውለታዋን የመለሰ መስሎት ለዶክትሬቱ ያጠናው ክር ለምን እንደሚበጠስ ነበር። በተመረቀ ሰሞን እህቱ፣ «ሰው የሚያክም እንዳይመስላችሁ፤ የኔ ወንድም ክር ነው የሚያክመው» እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር።

ክር እንዲያክምለት የሚቀጥረው ግን ጠፋ። ዩኒቨርሲቲው ቦታ የለኝም አለው። ብዙ ደጅ ከጠና በኋላ አንድ አማካሪ ድርጅት ተቀበለው። እዚያ ሥራው መጠየቅ ሆነ፤ ሰው የሚሠራውን ከሀ እስከ ፐ እንዲያወራለት ማድረግ፣ ከዚያ ለባለቤቶቹ የሚሻለውን መምከር። የመጀመሪያ ሥራ ብለው የላኩትም የእህቱ ፋብሪካ ነበር።

ፈታዮቹ መጀመሪያ አፋቸውን ዘጉበት። ያስከፈተችው እህቱ ናት። «የኛው ልጅ እኮ ነው፤ ምን ትፈሩታላችሁ?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። ሳቂታዋ የምትባለው፣ ጉልበቷን የሚያማት የእህቱ ጓደኛ፣ ብልሃታቸውን እየተኩራራች አሳየችው። አንዷ ሲደክማት ጎረቤቷ የሁለቱንም ማሽን ትይዛለች፤ የደከማት ከማሽኑ ጀርባ ባዶ ሳጥን ላይ አረፍ ትላለች። አለቃ ብቅ ካለ የያዘችው ለምልክት ትስላለች፣ ያረፈችው ትነሳለች።

«እህትህ ባትይዝልኝ ይሄ ጉልበት ድሮ ጉድ ሠርቶኝ ነበር» አለችው። «ጻፈው እንጂ። ስንት ብልሃት እንዳለን ይወቁልን።»

ጻፈው። አንዲት ፈታይ ሁለት ማሽን መያዝ እንደምትችል በሥራ ላይ ታይቷል፣ ብሎ ጻፈ። ክሩ የሚበጠሰው ክፍሉ እርጥበት ስላነሰው መሆኑንም ብዙ ገጽ ጽፎ ነበር፤ እሱን የገለጠው የለም። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አለቆቹ አመሰገኑለት።

ፋብሪካው ፈታዮቹን በግማሽ ቀነሰ። ሳቂታዋ በሁለት ማሽን መሀል መመላለስ ስለማትችል ቀድማ ወጣች። እህቱ ቀረች። አሁን ሁለቱን ማሽን ፈረቃው እስኪያልቅ እሷው ትይዛለች፤ ስትደክም የሚይዝላት የለም።

አንድ እሁድ ከሰዓት ለስላሳ ጫማ ገዝቶላት ሄደ። እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ አገኛት። መንገዱን ሁሉ ይቅርታ ሲለማመድ ነበር የመጣው፤ ያቀበላት ግን ጫማውን ብቻ ነው።

እያገላበጠች አየችው። «አንድ ጥንድ ብቻ? እኔ እኮ አሁን ሁለት ሰው ነኝ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ሳቂታዋን ጠየቅካት?» አለችው።

«ምን ብዬ እሄዳለሁ፣ እትዬ?»

«እኔም አልሄድኩም። ባለፈው ገበያ ላይ አየኋትና በሌላ መንገድ ዞርኩ።» እግሯን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሰች። «ተናገሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ ምን አደረግሽ?»

«እሱን ተወው።» ጫማውን መሬት አስቀምጣ ቀና አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ወንድምዓለም። ያንን ስትጽፍ የሷ ጉልበት ትዝ ብሎህ ነበር?»

ወደ ሳፋው ጎንበስ አለ። «ውሃው በርዷል፤ ሙቅ ልጨምርልሽ።»

«አልበረደም።»

እጁን ውሃው ውስጥ እንደከተተ ቆየ። ውሃው እውነትም አልበረደም ነበር።

«እሱን አትጠይቂኝ፣ እትዬ» አለ።