የአሰብ መንገድ የተጻፈበት ዲስክ

የአሰብ መንገድ በጦርነቱ ምክንያት በተዘጋ ሰሞን ኦሎምፒያ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ኮምፒውተሯን በአንሶላ ጠቅልላ፣ አባቷን አስከትላ መጣች። አባቷ የወሎ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አሰብ ድረስ ተሳቢ ሲነዱ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ጉርድ ሾላ እሷ ቤት ገብተዋል። ያሳለፉትን እየነገሯት እሷ ትጽፍላቸው ነበር። በቀደም እየጻፈች ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ ዊንዶውስ አልነሳ አለ።

"ሌላ ቦታ ብወስደው ፎርማት ተደርጎ ያለው ሁሉ ይጥፋ አሉኝ" አለች።

"ግልባጭ አለሽ?"

"የለኝም።"

አንድ ጓደኛዬ የሰጠኝ የሊኑክስ ፍሎፒ ነበረኝ። ያለ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ያስነሳል፤ የታመመውን ዲስክ ሳይነካካ አንብቦ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። እስከዚያ ቀን የሞከርኩት በራሴ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም።

መገልበጥ ሲጀምር ዲስኩ ይንቋቋ ጀመር። አባትየው ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አስጠጉ።

"ማርሽ አልገባ ያለው መኪና ነው የሚመስለው" አሉ።

መቀመጥ አቃተኝ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዘንቦ መብራት ቢሄድ ዲስኩ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ልጅቷም ቆማ ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ግልበጣው አልቆ አንዱን ጽሑፍ ስከፍት ፊደል የሚባል ነገር የለም። የእንግሊዝኛ ሆሄና ምልክት የተዘበራረቀበት ነው።

"ጠፋ ማለት ነው?" አለች።

"አላውቅም። የአማርኛው ፕሮግራም ከሌለ ጤነኛውም ጽሑፍ እንዲህ ነው የሚታየው።"

የተገለበጠበትን ዲስክ የአማርኛው ፕሮግራም ወዳለው ሌላ ኮምፒውተር ሳዛውር ብሎኑ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ስከፍተው ግን ፊደሉ መጣ። ልጅቷ "ሚሌ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ" ብላ አነበበች። አባትየው "አልሐምዱሊላህ" ብለው ገና ያኔ ተቀመጡ።

አንዱ ጽሑፍ ብቻ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ መብራት ሲጠፋ እየጻፈችው የነበረው።

"የጓደኛዎ ታሪክ ነው አባ" አለቻቸው። ጓደኛቸው ጠርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል የገባ ሾፌር ነበር።

ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ከዚያ "ጻፊ" አሏት።

"እዚህ? ቤት ገብተን አይሻልም?"

"ቤት ከገባሁ አልናገረውም።"

የእኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ልወጣላቸው ስነሳ "ቁጭ በል ልጄ" አሉኝ። "ከኋላው ነበርኩ" ብለው ጀመሩ።

ልጅቷ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። "አባ፣ ያን ጊዜ ከፊቱ ነበርኩ፣ ወሬውን ደብረ ሲና ሰማሁ ነበር ያሉኝ።"

"ብዬሽ ነበር። አሁን የምነግርሽን ጻፊ። በመስኮት እጁን አውጥቶ ያወዛውዝ ነበር። እኔ የመሰለኝ ሰላም የሚለኝ ነው።"

እሷ ጻፈች። እኔ በየመሐሉ ተንጠራርቼ የጻፈችውን ፍሎፒ ላይ አስቀምጥላታለሁ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ መብራቱ አንዴ ብልጭ ድርግም ቢልም አልጠፋም።