ሦስት «አቤት»

ጉሙ ኮረብታውን ከነአናቱ ውጦታል። ሰዓት መዝጋቢዋ ወጣት አጠገቧ የቆመችውን ሯጭ በቆረጣ ታያታለች። አምሳን የተሻገረች ሴት ናት፤ ፀጉሯን በጫማ ክር አስራለች፤ የቱታዋ ጉልበት ላይ ሌላ ቀለም ጨርቅ ተጥፎበታል። ሩጫው ቅብብል ስለሆነ የቡድኗ ልጅ ደርሶ እጇን ካልነካ መነሳት አትችልም። ልጁ የመቀባበያውን ባንዲራ በጉሙ ስቶት ካለፈ ደግሞ ቡድኑ ከውድድሩ ውጭ ነው።

«ስሙን ይጥሩት እንጂ፣ እትዬ።»

«ስሙማ ጠፋኝ! በታመመው ልጅ ፋንታ ትናንት የገባ ነው» አለችና እጆቿን አፏ ላይ ደግና ተጣራች፦ «ልጄ! ወዲህ ነው፣ ልጄ!»

ከጉሙ ውስጥ ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ «አቤት!» አለ።

ሦስት ወጣቶች የሦስት ቡድን መለያ ለብሰው፣ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው ብቅ አሉ። ሴትየዋ የራሷን ሳትመርጥ የሦስቱንም እጅ በየተራ ጨበጠች።

«ይሂዱ እንጂ፣ የእርስዎው ነክቶዎታል እኮ!» አለች መዝጋቢዋ እየሳቀች።

«ቆዪ እስቲ፣ እናቴ። ልጄ ብዬ ተጣርቼ አቤት ስባል ዛሬ ገና ነው» አለችና እንደ ጥጃ እየቦረቀች ዳገቱን ተያያዘችው።