ከክቡ ገንዳ የመጣች ዋናተኛ

ሰመራ ያን ጊዜ ከተማ አልነበረችም። ከሎጊያ አለፍ ብሎ፣ በአሰብ መንገድ ዳር ያለች የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበረች፤ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ጋራዥ፣ ለመንገድ ጥገናው ውሃ የሚጠራቀምበት አንድ ክብ የሲሚንቶ ገንዳ።

ስንቅነሽ ዋና የተማረችው በዚያ ገንዳ ነው። አባቷ ሣህሌ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር። ገንዳውን የሚሞላው እሱ ስለሆነ ልጁን "ውጪ" የሚላት አልነበረም። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ፀሐይዋ በረድ ስትል ካናቴራና ጉልበቱ ላይ የተቆረጠ ሱሪ ለብሳ ትገባለች፤ ግድግዳውን በቀኟ አድርጋ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ያሰበችውን የዙር ብዛት በከሰል ግድግዳው ላይ ትጽፋለች። መጀመሪያ "አምስት" ነበር፤ ቀጥሎ "አሥር"። በ1974 መስከረም "አርባ" ብላ ጻፈችና ጥር ሳይገባ አርባውን ዋኘች።

ከዚያስ? ሃምሳ ማለት ይቻላል፤ ግን ሃምሳ ከአርባ በምን ይለያል? አጠገቧ ሰው ሲዋኝ አይታ አታውቅም። ፈጣን ትሁን ዘገምተኛ በምን ታውቃለች?

መልሱን አባቷ ከመንገድ ይዞት መጣ። አዋሽ አቅራቢያ ባለ የእርሻ ካምፕ የሠራተኛ ልጆች የዋና ውድድር ሊደረግ ነው፤ ሁለት ሴቶች ተመርጠው ለትልቁ ውድድር አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

"የካምፑን የተበላሸ ፓምፕ ለጥገና አዋሽ አደርሳለሁ" አላት። "ከፈለግሽ ጋቢና ቦታ አለ።"

የአዋሹን መዋኛ ስታይ መጀመሪያ የገረማት ማዕዘኑ ነው። ውሃ ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? ይህን እያሰበች ሳለ ፊሽካው ተነፋ።

ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነበሩ፤ በመካከላቸው ገመድ ተዘርግቷል። ስንቅነሽ ተወረወረች። ውሃው ቀለላት፤ ከጎኗ ያለችውን የአዋሿን ሰዓዳን በአንድ ክንድ ቀደመቻት። ወዲያው ግን ትከሻዋ ከሰው ጋር ተጋጨ። በገመዱ ሥር አልፋ ሰዓዳ መስመር ውስጥ ገብታለች።

"አንቺ! የራስሽ መንገድ የለሽም?" አለች ሰዓዳ ውሃ እየተፋች።

ወደ መስመሯ ተመለሰች። አምስት ጊዜ እጇን እንደወረወረች እንደገና ወደ ግራ ገባች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከውድድሩ ተሰረዘች።

ዳኛው መምህር ይገዙ ግን አልሳቁም፤ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

"ዋና የት ነው የተማርሽው፣ የእኔ ልጅ?"

"ሰመራ፣ ገንዳ ውስጥ።"

"ምን ዓይነት ገንዳ?"

አፍራ አንገቷን ደፋች፤ በእርጥብ ጣቷ ሲሚንቶው ላይ ክብ ሣለች። መምህሩ ክቡን በጣታቸው ዞሩት።

"ለካ አልተሳሳትሽም" አሉ። "የለመድሽውን ነው የዋኘሽው። ሰዓዳ ተመርጣለች፤ ሦስተኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ገመድ ይዛ ቀርታለች። ሁለተኛውን ቦታ ለስድስት ሳምንት ክፍት አደርገዋለሁ። ቀጥ ብለሽ ከመጣሽ ስምሽን እጽፋለሁ።"

ወደ ሰመራ ሲመለሱ ስንቅነሽ ዓይኗን ከአባቷ እጅ ላይ አላነሳችም። መንገዱ እንደ ክር የተወጠረ ነው፤ የሣህሌ እጅ ግን መሪው ላይ አያርፍም፤ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ።

"አባባ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ መሪውን ለምን ታንቀሳቅሳለህ?"

"ብተወውማ ገደል ነው ስንቄ። መኪና በራሱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በየጊዜው ትመልሺዋለሽ።"

በማግስቱ "አርባ" የሚለውን በጨርቅ ጠርጋ "ሃያ ወደ ግራ፣ ሃያ ወደ ቀኝ" ብላ ጻፈች። ግድግዳውን በግራዋ አድርጋ ወደ ቀኝ መዞሩ ጉድ አደረጋት። ክንዷ የሌላ ሰው ክንድ ሆነባት፤ ሦስት ዙር ሳትሞላ ውሃ ዋጠች። ስትለምደው ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥራ፣ ሳትነካው ጎን ለጎኑ መዋኘት ጀመረች። ስምንት እርምጃ ብቻ ነው፤ ትደርስና ቆማ፣ ዞራ፣ እንደገና ትነሳለች።

በግሬደር መንገድ የሚደለድለው እሸቴ በዚያ ሲያልፍ ቆመ።

"አርባ ዙር የምትዞረው ጀግና! ዛሬ ደግሞ ልብስ ልታሰጪ ነው ገመድ የወጠርሽው?"

"ጋሽ እሸቴ፣ አንተስ መንገዱ ካላማረህ በግሬደርህ ወደ ኋላ ትመለስ የለ?"

"እመለሳለሁ እንጂ!"

"እኔም ተመልሼ እያስተካከልኩ ነው።"

በስድስተኛው ሳምንት ሣህሌ የተጠገነውን ፓምፕ ሊያመጣ ሲሄድ አብራው ወደ አዋሽ ተጓዘች። መምህር ይገዙ ፊሽካቸውን ነፉ። ብቻዋን ገባች። ልማዷ ወደ ግራ ሊወስዳት ሲል ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ሲበዛባት ትንሽ ወደ ግራ፤ ልክ እንደ አባቷ እጅ። ግድግዳውን ስትነካ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

"ገመዱን ነካሁት?"

"አልነካሽውም" አሉ መምህሩ። እርሳሳቸውን አውጥተው ከሰዓዳ ስም ሥር "ስንቅነሽ ሣህሌ" ብለው ጻፉ። "የአዲስ አበባው ውድድር ግን ሃምሳ ሜትር ነው፤ መዋኛውን ሄዶ መመለስ ማለት ነው። ግድግዳው ጋ ስትደርሺ ሳትቆሚ ውሃው ውስጥ ተገልብጠሽ፣ ግድግዳውን በእግርሽ ገፍተሽ ትመለሻለሽ።"

ስንቅነሽ ዞር ብላ ግድግዳውን አየችው። በክቡ ገንዳ ግድግዳ ማለት ጎን ለጎን አብሯት የሚሄድ ነገር ነበር፤ በሲባጎው ጊዜም የምትቆምበት። የሚገፋ መሆኑን አላሰበችም።

"መጀመሪያ የሚገለበጠው ጭንቅላት ነው እግር?" አለች፤ መልሱን ሳትጠብቅም ውሃ ውስጥ ጠለቀች።