ሚስተር ግሌን ጴጥሮስን ሊያይ የመጣ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከሱቅ ስመለስ የመጨረሻ ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን እያየች ነበር። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች የዓመቱን አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመርጡበት ዝግጅት ነው። ረጃጅም ወጣቶች ሙሉ ልብስ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ስሙ የተጠራው ይነሳል፣ እናቱን ያቅፋል፣ ወደ መድረክ ይወጣል።

"አባዬ፣ ይሄኛው እኮ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው" አለችኝ።

እሷ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ያለችው። እኔ ግን የሱቁን ቁልፍ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደነካኝ ስትጠይቀኝ አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህም የምጽፈው።

በ1988 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሆሳዕና ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ዲፕሎማ ይዤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን መምህርነቴን ረስቼ ሜዳ ላይ ነኝ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት ነው። ኳሷን እያነጠርኩ ስሄድ ግን ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ የሚያስቆመኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

አሰልጣኛችን የስፖርት መምህሩ ጋሽ ደስታ ነበሩ። ጴጥሮስን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ለዘመድ ጥየቃ ዶዮገና ሄደው ሳለ፣ የካቶሊክ ሚሲዮን ክሊኒክ ግቢ ውስጥ አዲስ ክፍል ይሠራ ኖሮ፣ አንድ ወጣት ከአይሱዙ ላይ የሚወረወርለትን ብሎኬት በአንድ እጁ ሲቀልብ አዩ። በአንድ እጁ። ሌላኛው እጁ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ነበር። ጋሽ ደስታ ዘመዳቸውን ትተው እዚያው ቆሙ፤ ብሎኬቱ እስኪያልቅም አልተንቀሳቀሱም።

ጴጥሮስ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ በክሊኒኩ የቀን ሥራ የሚሠራ የከምባታ ገበሬ ልጅ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአስራ አንድ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና እየተሳፈረ ሆሳዕና ይመጣና ከእኛ ጋር ይለማመዳል። ኳስ ከነካ ገና ስምንት ወሩ ስለነበር ከኳሷ ጋር ይደናበራል፤ ሳያነጥር ሦስት እርምጃ ይሄዳል፤ ሰው ሲገፋው እሱ ይቅርታ ይጠይቃል። ከክሊኒኩ ነርሶች አንዷ፣ የውጭ አገር መነኩሲት፣ ከክሊኒኩ በር አጠገብ አቁማ ፎቶ አነሳችውና ለአገሯ ሰዎች ላከችው። በፎቶው ላይ ራሱ ከበሩ ጉበን በላይ ይታያል። ፎቶው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ለአንድ የአሜሪካ ቡድን ተጫዋች ከሚመለምል ሰው እጅ ገባ።

ሚስተር ግሌን ይባላል። ጋሽ ደስታ ሰብስበውን "ሰውየው የሚመጣው ጴጥሮስን ከድራፍት በፊት ለማየት ነው" አሉን።

"ከድራፍት በፊት እንግዲህ ክትፎ ይቅረብለት" አለ አንዱ ተጫዋቻችን። ከቢራው ሌላ ድራፍት የሚባል ነገር መኖሩን ማናችንም አናውቅም ነበር። ጋሽ ደስታ አስረዱን፤ በዓመት አንድ ቀን ቡድኖቹ በተራ በተራ ስም እየጠሩ የሚወስዱበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ "ፈረንጁ መቼ ነው?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ አስተርጓሚው እኔ እንደሆንኩ ሰምተዋላ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ለጴጥሮስ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ። ግን ከደስታው ሥር ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። ሰውየው አንዱን ሊያይ መጥቶ ሌላውን ቢያይስ? ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ኳስ ሳልይዝ እጄን ሳነጥር እህቴ አግኝታኝ ስቃብኛለች።

መጣ። ሚያዝያ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ሜዳችን ኩሬ ሆኗል። ከአባቴ ሱቅ ባዶ ጆንያ ተሸክመን ሄድን፤ ተንበርክከን ሲሚንቶውን ስንወለውል፣ ጆንያ ስንጨምቅ፣ ፀሐይ ብቅ አለች። እርጥቡ ሲሚንቶ መተንፈስ ጀመረ። ተማሪው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ጋሪዎቹ በአጥሩ ጥግ ተደርድረው ሰው ላያቸው ላይ ቆሟል። ሚስተር ግሌን ሽበታም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። የመምህራን ወንበር ቀርቦለት ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ አሳፋሪ ነበር። ጴጥሮስ ከቀለበቱ ሥር ቆሞ ይስታል። ያቀበልኩት ኳስ ደረቱን መትቶ ይመለሳል። ሚስተር ግሌን አንድ ቃል አልጻፈም። ጋሽ ደስታ ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ እያላመጡ ነበር።

ከዚያ ሚስተር ግሌን ጠራኝ። "አንተ ፈጣን ነህ" አለኝ። ልቤ ዘለለች። "አስር ጊዜ ሂድበት። ከቀለበቱ ሥር ይጠብቅህ። አስቆጥርበት።"

የጠበቅኩት ቀን ይኸው መጣ ብዬ ኳሷን ያዝኩ። የመጀመሪያውን ወደ ቀኝ አሳይቼ በግራ አለፍኩት፤ አገባሁ። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ጮኸ። ሁለተኛውን እንደዚያው። ሦስተኛውን ቆም ብዬ፣ እሱ ሲዘል ጠብቄ፣ ሲወርድ አገባሁ። ጴጥሮስ እግሬን ብቻ ያያል። ዶዮገና ላይ ብሎኬት የሚወረውርለትን ሰው እንዲህ ያይ ይሆናል።

በአራተኛው ወደ ቀኝ አሳየሁት። አልተንቀሳቀሰም። ወደ ግራ ስታጠፍ እጁ ቀድሞኝ እዚያ ነበር፤ ኳሷን ከአየር ላይ እንደ ፍሬ ለቀማት። በአምስተኛው ቆም አልኩ፤ እሱም ቆመ። በስድስተኛው ያለኝን ሁሉ ተጠቀምኩ፤ ኳሷ ተመትታ ከአጥሩ ውጭ አንድ ጋሪ ላይ አረፈች፤ ፈረሱ ደንግጦ ጋሪውን እየጎተተ ሄደ። የቀሩትን አራቱንም ነጠቀኝ። አስረኛውን ስጨርስ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አለከልካለሁ። ሰዉ ያብዳል። እኔ ራሴ፣ የተሸነፍኩት ሰውዬ፣ እየሳቅኩ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ በብረቱ፣ ያውም ከአንድ ክንድ ርቀት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀና ስል ሚስተር ግሌን ከወንበሩ ተነስቶ እየጻፈ ነው። አንድ ገጽ ሞላ፤ ገለጠና ቀጠለ። ወደ እኛ መጥቶ "ማንም ሳያስተምረው እዚህ ፊቴ ተማረ" አለኝ። ድምፁ ተለውጧል። "ዕድሜው ስንት ነው? ጠይቀው።"

ጠየቅኩት። "ሃያ አንድ" አለ ጴጥሮስ ላቡን እየጠረገ።

ጋሽ ደስታ ከጀርባዬ በዝግታ "አስራ ዘጠኝ በለው" አሉኝ። "ሃያ አንድ ካልከው ጊዜው አልፎበታል ይላል። ነስሩ፣ የልጁን ዕድል እንዳትዘጋ።"

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን ትንሽ ነበረኝ። ሁሉም ሰው ያየኛል። "ናይንቲን" አልኩ።

ሚስተር ግሌን ፊቱ በራ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በማግሥቱ ጠዋት ቤተሰቡን ለማየትና የልደት ማስረጃ ለመያዝ ወደ ዶዮገና ሄድን። መንገዱ ያኔ ኮረት ነው፤ መኪናው በጭቃው ላይ እንደ ጀልባ ይዋልላል። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ቅጠሉ ላይ የተኛው ውሃ ንፋስ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ገብሱ ገና ጣት አክሏል። ሚስተር ግሌን መስኮቱን ከፍቶ እንደ ልጅ ይጠይቀኛል፤ ይሄ ሙዝ ነው? እንሰት ነው። ፍሬው ይበላል? ሥሩና ግንዱ ነው የሚበላው። እኔ እመልሳለሁ፤ ትናንት ያልኩት ቁጥር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ጴጥሮስ ከኋላ፣ ከጋሽ ደስታ ጎን፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል።

የሰበካው ቄስ አባ ማቴዎስ ቢሯቸው ተቀበሉን። ትልቁን የጥምቀት መዝገብ አውጥተው ገጹን በጣታቸው ፈልገው አገኙት። የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የተወለደበት ዓመት፤ 1967። ሚስተር ግሌን ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ። ደብተሩ ዳር ላይ ቀነሰ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደነ።

"ሃያ ዘጠኝ" አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። የእሱ አገር ዘመን 1996 ነው። እኛ ሁለት ዓመት ቀንሰን፣ መዝገቡ ስምንት ጨምሮበታል። "አይደለም፣ የእኛ አቆጣጠር ከእናንተ ወደ ኋላ ነው" ብዬ መንተባተብ ጀመርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ዋሾ መሰልኩ። ለካ አንዴ ከዋሹ በኋላ እውነቱም ሰበብ ይመስላል።

"ትናንት አስራ ዘጠኝ አልከኝ" አለ ሚስተር ግሌን። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ዛሬ ወረቀቱ ሌላ ይላል። አሁን ደግሞ ዘመናችሁ ሌላ ነው ትለኛለህ።"

አባ ማቴዎስ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው። ተነሱና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሁለቱም አቆጣጠር በየቀኑ ጎን ለጎን ታትሟል። ሚስተር ግሌን አየው። ገጹን ወደፊትም ወደ ኋላም ገለጠ። እንደገና ደመረ፤ እንደገና ቀነሰ።

"ሃያ አንድ" አለ። ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ። "ታዲያ አስራ ዘጠኝ ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት። "እሱ ሃያ አንድ ነበር ያለው። እኔ ነኝ የቀነስኩት።"

ጋሽ ደስታ ምን እንደተባባልን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እንደሱ አትበል" አሉ። "ደስታ ነው እንድል ያዘዘኝ በለው። ተርጉም።" ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር የለም።

ሚስተር ግሌን የቀን መቁጠሪያውን ለአባ ማቴዎስ መለሰ። "ሃያ አንድ ብትሉኝም እዚህ ድረስ እመጣ ነበር" አለ። "ከአሁን በኋላ እሱ የሚለውን ብቻ ንገረኝ። ለመሄድ ይፈልጋል?"

ጴጥሮስን ጠየቅኩት። "እፈልጋለሁ። ካልሆነልኝም ተመልሼ እሠራለሁ፤ በሥራ አላፍርም" አለ። ቃል በቃል አስተላለፍኩ። ሚስተር ግሌን ደብተሩን መልሶ ከፈተ።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄድን። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ፤ ቡላ በቅቤና በወተት ተከተለ። ሚስተር ግሌን ሁለቴ አስጨመረ። አባትየው የሚናገሩት በከምባትኛ ነው፤ ጴጥሮስ ወደ አማርኛ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እንመልሳለን። ስለ አሜሪካም ስለ ኳስም አልጠየቁም። "ይሄ ልጅ ብዙ ይበላል። እዚያ ማን ያበስልለታል?" አሉ። ሚስተር ግሌን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከወር በኋላ የመጥሪያ ደብዳቤና ቲኬት መጣ፤ ከድራፍቱ በፊት ጣሊያን አገር ለሦስት ሳምንት ልምምድ። አውቶቡስ ተራ ልንሸኘው ሆሳዕና ሙሉ ወጣች ብል ብዙም አላጋነንኩም። የድራፍቱ ማግሥት መነኩሲቷ ከአዲስ አበባ ደውላ ለጋሽ ደስታ ነገረቻቸው። ስሙ አልተጠራም። ይሁን እንጂ ልምምዱ ላይ ያየው አንድ የጣሊያን ትንሽ ከተማ ቡድን አስቀርቶት ነበር። እዚያ አስራ አንድ ዓመት ተጫወተ። ዛሬ ዶዮገና የወተት ላሞች አሉት፤ በሮቹን በቁመቱ ልክ ያሠራው ቤትም አለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለላሞቹ መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ሱቄ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ያን ቀን አስራ ዘጠኝ ብዬ መተርጎሜን ያወቀው ቄሱ ቢሮ ውስጥ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ምን ነካህ ነስሩ" አለኝ። "አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ናይንቲን ማለትን አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

ሻዩን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሰውየው ሲሰማው ፊቱ እንዴት እንደሆነ አይተሃል። እንደዚያ ሆኖ ያየኝ ሰው አልነበረም። እስኪነጋ ድረስ አስራ ዘጠኝ ልሁን ብዬ ነው። በማግሥቱ ጠዋት መኪና ውስጥ ልነግረው አስቤ አፌ አልከፈት አለኝ።"

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ውሸቱን የተሸከምኩት ብቻዬን ይመስለኝ ነበር። ለካ ያቺ መኪና ውስጥ እኔም፣ ጋሽ ደስታም፣ ጴጥሮስም፣ ሦስታችንም ተሸክመነው ነው የሄድነው።

ልጄ እስከዚህ ድረስ ሰምታ "ስሙ ካልተጠራ ታዲያ ስትነግረኝ ለምን እንዲህ ደስ ይልሃል?" አለችኝ። እያሰብኩበት ሳለሁ የመጣልኝ ሜዳው ነው። ሚስተር ግሌን ያን ቀን እኔን አንድ ጊዜ እንኳ በደብተሩ አልጻፈኝም። ቢሆንም አንድ ሰው ምን መሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጥ፣ ከእሱ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ ይህን አያይም። እኔ ሰባት ጊዜ አየሁት።