የእናቴ የኮሶ ቀን

ኡም ሱማቅ በሚባለው የአማን ሰፈር በምሠራበት ቤት የማዳሜ እናት ሐጃ ጉንፋን ሲይዛቸው፣ ዙሁራት የሚሉትን የደረቀ የአበባ ቅይጥ አፍልቼ እሰጣቸዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ከመሐል አማን የመጣውን አዲስ ከረጢት ስፈታ ግን፣ ከውስጡ የወጣው ሽታ ማንኪያውን እንደያዝኩ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን፣ እትዬ ውቢት ግቢ ወደነበረው የኮሶ ዛፍ ሥር ወሰደኝ።

እትዬ ውቢት ጎረቤታችን ነበሩ። የሴቴው ኮሶ አበባ ቀልቶ እንደ ወይን ዘለላ ሲንዠረገግ ያስቆርጡና ጥላ ላይ ያደርቁታል፤ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ከርሞ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ዛፉ ባበበ ሰሞን የተቆረጠ ማር መድኃኒት ነው ይባል ነበር፤ እኛ ልጆች ግን ብናኙ ያስላችኋል ተብለን ሥሩ መጫወት አይፈቀድልንም። ከሁሉ የሚደንቀኝ የጠጣው ሰው ክብር ነው። ኮሶ የጠጣ አይታዘዝም፣ ስሙም ከተጠራ መድኃኒቱ ይከሽፋል ይባላል። እናቴ በጠጣች ቀን፣ ጎመን እንኳን ቀቅሎ የማያውቀው አባቴ ሽሮ ይሠራል፤ እኛም ያረረውን ሽሮ ድምፃችንን አጥፍተን እንበላለን።

እናቴ ጠላ ጠምቃ የምታሳድገን፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ጎኗን የምታሳርፍ ሴት ነበረች፤ ኮሶዋንም ከሰው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ትጠጣ ነበር። አንድ ጠዋት አፍንጫዋን ይዛ ጨልጣ፣ ፊቷን አጨማዳ ከተኛች በኋላ፣ ዋንጫውን ለእትዬ ውቢት እንድመልስ ተላክሁና መንገድ ላይ ከሥሩ የቀረውን በጣቴ ጠርጌ ላስኩት። ምሬት የሚባል ነገር የለውም፤ ተራ ጠላ ነው። ለካ እትዬ ውቢት በራቸው ላይ ቆመው ያዩኛል። ዋንጫውን ተቀበሉኝና ጎንበስ ብለው፣ «ለማንም እንዳትናገሪ። ትተኛበት» አሉኝ።

አልተናገርኩም። አባቴ ኮሶው በርትቶባት እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ እንደ ሬት ይመራል ብዬ ምላሴን አወጣሁለት፤ እሱም በሐዘን ራሱን ነቅንቆ ሽሮውን ማማሰሉን ቀጠለ።

ምስጢሩን አማን ድረስ ይዤው መጣሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን በስልክ ለእናቴ ብነግራት ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች።

«አባትሽ መቼ አጣው?» አለችኝ። «ደክሞኝ ሲያየኝ፣ ‹ኮሶሽ አልደረሰም ወይ?› የሚለኝ እሱ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም፤ እኔም ለቀብሯ አልደረስኩም። እትዬ ውቢትም የሉም፣ ዛፉንም ለቤት ሥራ ቆረጡት አሉ። አሁን ለሆድ ትል ከፋርማሲ የሚገዛው አንድ ክኒን ነው፤ እዚያው ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ እውጠውና ሳህኔን ማጠቤን እቀጥላለሁ። ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደክሞኛል ካልኳት እረፊ ትለኛለች። ሳልናገር ድካሜን ከፊቴ አይቶ የሚያስተኛኝ ሰው ግን ከእንግዲህ የለኝም።