ያልተረጎምኩት ምስክርነት

እንጀራዬ ትርጉም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለንደንን ከጫፍ ጫፍ እያካለልኩ ሐኪሙ ያለውን ለበሽተኛው፣ በሽተኛው ያለውን ለሐኪሙ አደርሳለሁ። የሙያው ሕግ አጭር ነው፤ የተባለውን በሙሉ ተናገሪ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። አንድ ጊዜ ስቶክዌል ውስጥ አንድ አበሻ የቤቶች ጉዳይ ሠራተኛዋን ሲሰድባት፣ ስድቡን አንድም ሳላስቀር ስተረጉምላት ሰውዬው ራሱ ደንግጦ «ኧረ እሱን ተይው» ብሎኝ ነበር። አልተውኩትም። በዚህ ነገር በጣም እኮራ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ይህንኑ ሥራ በቤተ ክርስቲያናችን በነጻ እሠራለሁ፤ ያጠፋሁትም እዚያ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ሃክኒ ውስጥ የእንግሊዞች ጸሎት ቤት ተከራይታ ከሰዓት በኋላ የምትሰበሰብ ናት። በሕፃንነት የተደረገን ጥምቀት አንቀበልም። አባል የሚሆን፣ የጌታንም እራት የሚወስድ ሰው አምኖ፣ በገዛ አፉ መስክሮ፣ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቶ የወጣ መሆን አለበት። ለአባልነት የሚዘጋጁትን የማስተምር እኔ ነበርኩ። በዚያ ላይ ተቆጪ ነኝ፣ ስከራከርም መሸነፍ አልወድም። እንዲህ ያለ ሰው አስተማሪ ባይሆን ይሻላል፤ ግን ማን ይንገረኝ።

አንድ ዓመት ሁላችንም አባባ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ከወለጋ መጥተው አርችዌይ ከሚኖሩት ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ያደጉባት ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን የምታጠምቅ ናት። በደርግ ጊዜ በእምነታቸው ታስረዋል። እኛ ጋ ሲመጡ እንደ ማንኛችንም የጌታን እራት ይወስዱ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም። ልብ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ እሑድ በር ላይ ይዣቸው «አባባ፣ የተጠመቁት የት ነው?» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው የመንደራቸውን ስም ነገሩኝ፤ ገና በእናታቸው ጡት ላይ ሳሉ እንደነበረም ጨመሩልኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሄጄ ነገርኩ።

በሚቀጥለው ወር የጌታ እራት ትሪ ሲደርሳቸው አሳላፊው በትሕትና ጎንበስ ብሎ አለፋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ከሁለት ወንበር ኋላ ሆኜ አየሁ፤ ያኔ የተሰማኝ ሥርዓት እንደተከበረ ያህል ነው። ስንወጣ ልጃቸው ዓይኗ ቀልቶ ያዘችኝ። «በሰው ፊት ስኪፕ አደረጓቸው እኮ። ፕሊዝ፣ ክላስሽ አስገቢልኝና ነገሩ ይለቅ» አለችኝ።

አስገባኋቸው። የምወደው ትምህርት ላይ ደርሰን ነበር፤ የተሐድሶው ታሪክ ላይ። ሰሌዳው መሐል መስመር አሰመርኩና በግራ ዋነኞቹን የተሐድሶ መሪዎች፣ በቀኝ ሥር ነቀሎቹን ጻፍኩ። ዋነኞቹ ከሮም ቢለዩም ከከተማው ሹማምንት እጅ አልወጡም፤ ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ ሥርዓቱን አይነኩም፤ ሕፃናትን ማጥመቅም አልተዉም። ሥር ነቀሎቹ የእነዚሁ ሰዎች ተማሪዎች ነበሩ። መምህሮቻቸውን መጠበቅ ሰለቻቸውና አንድ ቤት ውስጥ ተሰብስበው እርስ በርስ ተጠማመቁ። ዳግም አጥማቂዎች ተባሉ። እነሱ ግን የሕፃንነቱ ከመነሻው ጥምቀት ስላልሆነ ዳግም የሚባል ነገር የለም ይሉ ነበር። ከተማውም ከመካከላቸው ሰው ይዞ፣ እጁን አስሮ ወንዝ ውስጥ አሰጠመ። በቀኝ የተጻፉት የእኛ ናቸው አልኩ፣ እኔም አብሬያቸው የታሰርኩ ይመስል።

አባባ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እነዚህ የሰጠሙት ሰዎች ሌላውን አስገድደው ያጠምቁ ነበር?»

«በፍጹም፣ አባባ። እምነት በግድ አይሆንም ብለው ነው የሞቱት። ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ ቃሉ ካልመሰከረ አያጠምቁትም።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አሉ።

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት። «ያሰጠሟቸው እንግዲህ የእርስዎ ወገኖች ናቸው» አልኩ እየሳቅኩ።

«እኔ ማንንም ውሃ ውስጥ አልጨመርኩም፣ ልጄ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ የሳቀው በእኔ ነው። ፊቴ ጋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህን ሰው ማሳመን እልህ ሆነብኝ። በየሳምንቱ ከትምህርት በኋላ አስቀርቻቸው ጥቅስ በጥቅስ ላይ እደራርብባቸዋለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። አንድ ቀን ልጃቸው በር ላይ ካፖርታቸውን ይዛ ስትጠብቃቸው አዩና «እሺ» አሉኝ። ከእሺ በቀር ያሉት የለም። እኔ ግን ለሽማግሌዎቹ «አምነዋል» ብዬ ሪፖርት አደረግኩ።

የጥምቀቱ ዕለት ከበሮውንና ኪቦርዱን ከመድረኩ አንስተን፣ የወለሉን ሳንቃ ገልጠን ከሥሩ ያለውን የጥምቀት ገንዳ ሞላነው። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እንግሊዛዊ ፓስተርም ተጋብዘው መጡ። እሳቸውና አማርኛ የማይገባቸው ልጆች ጆሮ ማዳመጫ አድርገዋል፤ እኔ ጥግ ቆሜ በትንሿ ማይክ ለእነሱ እተረጉማለሁ። የአባባ የልጅ ልጅ ፊት ተቀምጣለች። እዚሁ የተወለደች፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ አማርኛዋ ከሰላምታና ከምግብ ስም የማያልፍ። እናቷ ፎጣና ደረቅ ልብስ ልታዘጋጅ ጓዳ ገብታለች።

አባባ ነጩን ጋወን ለብሰው ማይክ ተሰጣቸው። እንዲህ አሉ፦ «እኔ የተጠመቅኩት ሕፃን ሆኜ ነው። ታስሬ ሳለሁ ክጃለሁ ብለህ ፈርም አሉኝ። ሳላውቅ የተሰጠኝን አውቄ ልመልሰው አልችልም አልኳቸው። ስለዚህ ቃል ብዙ ተገርፌአለሁ። ዛሬ ውሃ ውስጥ የምገባው ያኛው ጎድሎ አይደለም። ልጄ በሰው ፊት እንዳታፍር፣ ከእናንተም ጋር ከአንድ ማዕድ እንድበላ ነው። ጌታ የትኛው ነው ጥምቀትህ ቢለኝ የመጀመሪያው ነው እለዋለሁ።»

መጋቢያችን ጫማቸውን አዩ። እንግሊዛዊው ፓስተር ማዳመጫቸውን በጣታቸው ጫን አድርገው ትርጉሜን ይጠብቃሉ። አምነዋል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩና በጥሩ እንግሊዝኛ «ዕድሜዬን ሙሉ እግዚአብሔርን ሳላውቅ በባዶ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ አገኘሁት» አልኩ። ምላሴ እንኳ አልተንተባተበም። ልጅቷ አለቀሰች። መዘምራኑ ቶሎ መዝሙር አነሱ፣ አባባም ደረጃውን በዝግታ ወረዱ።

አማርኛ የሚሰሙት እኔ ያልኩትን አልሰሙም፤ እኔን የሰሙት እሳቸው ያሉትን አልሰሙም። እናትየዋ አባቷ በማይክ የተናገሩት በኋላ ሲነገራት አፍራ፣ ቤቷ ውስጥ ያን ቀን አታነሳም። ውሸቴ እንዲህ ያለ ምቹ ቦታ አገኘ። ብዙም ሳልቆይ ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ ማስተማሩን ተውኩ፤ እሱም ውሸት ነው። ሰሌዳዬ ላይ በቀኝ የጻፍኳቸው ሰዎች የሞቱት ሰው በገዛ ቃሉ ይመስክር ብለው ነው። የእነሱ ወገን ነኝ ባይዋ እኔ የአንድ አዛውንት ቃል ከአፋቸው ወሰድኩ። በግራ በኩል ልጻፍ ብል እንኳ አልመጥንም፤ እነዚያ ያደረጉትን በአደባባይ አድርገውታል። እኔ በጆሮ ማዳመጫ ነው ያደረግኩት። አፍራለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ትዝ ሲለኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅቷ ራሷ ልትጠመቅ ወሰነች። ያው ሳንቃ ተገለጠ። ምስክርነቷ በእንግሊዝኛ ስለሆነና አብዛኛው ሰው ስለሚሰማ ማይክ አላስፈለገኝም፤ ለአባባ ብቻ በጆሯቸው እንድነግራቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አርጅተዋል። የምሠራውን ሥራ አስቤበት ነበር፤ የምትለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እላለሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ልጅቷ ማይኩን ያዘች። «አያቴ እዚህ ቆሞ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እግዚአብሔርን ሳላውቅ በባዶ ኖሬአለሁ ብሎ ነበር» አለች። «በዚያ ዕድሜ ይህን በሰው ፊት ለመናገር የደፈረ ሰው ካለ እኔ ምን እጠብቃለሁ አልኩ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በእሱ ቃል ምክንያት ነው።»

ቃል በቃል የእኔ እንግሊዝኛ ነበር። መጋቢው ግር ብሏቸው ልጅቷን አዩ፤ ተሳስታ መስሏቸው መሆን አለበት።

አባባ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «ምን አለች?»

በመጣሁበት ሐሳብ ብናገር «ዕድሜዬን ሙሉ በባዶ ኖርኩ ብለዋል ትላለች» ማለት ነበረብኝ፤ ስለዚያ እምነት ለተገረፉት ሰው፣ የልጅ ልጃቸው እግሯን ውሃው ውስጥ ልትከት ስትል። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ።

«አያቴ እስር ቤት ሆነው እንኳ አልካዱም፤ እኔም የእሳቸውን እምነት እከተላለሁ ነው የምትለው» አልኳቸው።

እጄን ፈልገው ያዙት።

«ለካ ታውቃለች» አሉ። «ሳልሞት አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ ልነግራት ነበር፤ በምን ቋንቋ እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። አንቺ ያን ቀን በማይክሽ ነግረሽልኛል። ከእንግዲህ እኔ መንገር አይጠበቅብኝም። እግዚአብሔር አፍሽን ይባርከው፣ ልጄ።»

«አሜን» አልኩ።